ሁለት ደብተር፣ አንድ ክረምት

(ደብረ ማርቆስ ላይ በአንድ የንባብ ወዳጆች ስብሰባ የተደረገ ንግግር ነው። ሳቁና ጭብጨባው ወጥቶ፣ ሌላው እንደተነገረ ቀርቧል።)

ጤና ይስጥልኝ! እንዴት አመሻችሁ?

ከኋላ የቆማችሁ ልጆች፣ እዚህ ፊት ሦስት ወንበር ባዶ ነው። ኑ ተቀመጡ። የኛ ሰው ፊት መቀመጥ አይወድም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሲገባ መጀመሪያ የሚፈልገው የሚደገፈውን ግድግዳ ነው። ኑ እንጂ!

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ። ከመካከላችሁ ልቦለድ ጀምሮ ያልጨረሰ እጁን ያውጣ። እህ! ግማሽ ቤት ነው። አሁን ደግሞ ጀምሮ የጨረሰ ያውጣ። አንድ። ሁለት። የኔታ፣ እርስዎም ያውጡ እንጂ፤ ቅኔም ከሆነ እንቆጥረዋለን። እሺ፣ ሦስት።

በዚያ ግማሽ ቤትና በእነዚህ ሦስት እጆች መካከል ያለው ምንድን ነው? ተሰጥኦ ነው? እኔ አይመስለኝም። እጃቸውን ካወጡት ጀማሪዎች መካከል ከኔ አሥር እጥፍ የሚጽፉ አሉ፤ አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹን አስተምሬያለሁ። ታዲያ ምንድን ነው?

ሦስት ነገር እላለሁ ብዬ ወረቀት ላይ ጽፌ መጥቻለሁ። አንደኛ ስለ ራሴ ውርደት። ሁለተኛ ስለ አንድ ሩሲያዊ ባለዕዳ። ሦስተኛ ስለ ቅኔ። መንገድ ከሳትኩ ታገሱኝ፤ የአስተማሪ አመል ነው።

ከውርደቴ ልጀምር።

የመጀመሪያ ልቦለዴን ለሰባት ዓመት ጻፍኩ። ሰባት ዓመት! ስንት ገጽ ይመስላችኋል? አሥራ አንድ ገጽ። ምዕራፍ አንድ ብቻ። ዋናው ሰውዬ በጠዋት ተነስቶ፣ ጋቢውን ደርቦ፣ በር ከፍቶ የጮቄን ተራራ ሲያይ ነው የሚጀምረው። ጮቄን ስንት ጊዜ እንዳየው እኔና እግዚአብሔር ነን የምናውቀው። አንድ ዓመት ጭጋግ ለብሶ አየው። በሌላው ዓመት ፀሐይ ወጥቶበት አየው። ጭጋጉን "ለበሰ" ልበል ወይስ "ተከናነበ" እያልኩ ሁለት ወር ፈጀሁ። ሰውዬው ከበር አልወጣም። ላሞቹ በረት ውስጥ ናቸው። ሰባት ዓመት ሳይታለቡ!

የሥራ ባልደረቦቼ ስም አወጡልኝ። "ጋሽ ምዕራፍ አንድ።" ሻይ ቤት ስገባ "ጋሽ ምዕራፍ አንድ፣ ሰውዬው ወጣ?" ይሉኛል። አብሬ እስቃለሁ። ማታ ቤቴ ስገባ ግን አልስቅም ነበር።

ሰውዬው ለምን አልወጣም? ገና ሳልጽፈው አነበዋለሁ። ገና ሳላነበው አፍራለሁ። ነገሩ ይኸው ነው። ይህ አገር ደግሞ ለጸሐፊ ከባድ ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ልቦለድ የጻፉት አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ የዘጌ ልጅ ናቸው። መጽሐፋቸው ሮም ላይ ታትሞ የወጣው በ1900 ዓ.ም. ነው። አቤ ጉበኛ የአቸፈር ሰው ናቸው። ሐዲስ አለማየሁ ደግሞ የተወለዱት እንዶዳም ነው፤ እዚሁ አፍንጫችን ሥር። እስቲ አስቡት። ደብረ ማርቆስ ተቀምጦ ልቦለድ መጻፍ ማለት፣ ባለቤቱ ቤት ገብቶ የባለቤቱን በገና መደርደር ነው። እጅ አይታሰርም? የኔ ታስሮ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ስልኬ ላይ ስለ አንድ የአሜሪካኖች ነገር አነበብኩ። ውድድር ይሉታል እንጂ ተሸናፊ የለውም። ክሪስ ቤቲ የሚባል ሰው በ1999 እ.ኤ.አ. ሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ወዳጆቹን ሰበሰበ። 21 ሰው ሆኑ። በአንድ ወር እያንዳንዳችን 50,000 ቃል ልቦለድ እንጻፍ ተባባሉ። ልብ በሉ፣ "ጥሩ ልቦለድ" አላሉም። 50,000 ቃል ነው ያሉት። በዓመቱ ወሩን ወደ ኖቬምበር አዛወሩት፤ የኛ ጥቅምትና ኅዳር ላይ የሚያርፈው ማለት ነው። ስሙን በአጭሩ ናኖራይሞ አሉት። እያደገ ሄዶ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ገባበት። ድርጅቱ ራሱ በ2025 እ.ኤ.አ. እንደሚዘጋ አስታወቀ። ይዘጋ። ሐሳቡ ቁልፍ የለውም። ወር ያለው ሰው ሁሉ ይችላል።

እኔን ያሳቀኝ ምን መሰላችሁ? 30 ቀን መባሉ። የፈረንጅ ወር አንዴ 31 ነው፣ አንዴ 28 ነው። የኛ 12ቱም ወር ድፍን 30 ነው። በልክ የተሰፋልን ይመስላል! በዚያ ላይ ጳጉሜ አለች። ጳጉሜን አትናቋት፤ እመለስባታለሁ።

ቁጥሩን ግን ቀነስኩት። ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም። እሺ፣ ትንሽም ስለሆንኩ ነው። ግን አማርኛ ቃሉ እፍግ ያለ ነው። "አልነገርኳቸውም" ብንል አንድ ቃል ነው። እንግሊዝኛ ይህችኑ ለማለት አምስት ቃል ያሰልፋል። ስለዚህ 30,000 ይበቃል አልኩ። በቀን 1,000።

ከዚያ ደብተር አውጥቼ ቆጠርኩ። የኔ የእጅ ጽሑፍ በአንድ መስመር 7 ቃል ይይዛል። ገጹ 22 መስመር አለው። በአንድ ገጽ 154 ቃል። በቀን ስድስት ገጽ ተኩል። በወር 195 ገጽ። ባለ 50 ሉክ ደብተር 100 ገጽ ነው። ሁለት ደብተር! ልቦለድ ማለት ሁለት ደብተር ነው! ሱቅ ሄጄ ሁለት ደብተርና አራት እስክሪብቶ ገዛሁ። ሰባት ዓመት ጮቄን ያህል የከበደኝ ነገር በፌስታል ተንጠልጥሎ ቤቴ ገባ።

ወሩን ነሐሴ አደረግኩት። ትምህርት የለም። ዝናቡ ከቤት አያስወጣም። የደብረ ማርቆስን ነሐሴ ለእናንተ መንገር አያስፈልግም፤ እስክሪብቶው ራሱ በርዶት አልጽፍም ይላል። ነሐሴ 1፣ ፍልሰታ የገባ ዕለት፣ ጋቢዬን ደርቤ ተቀመጥኩ። ሰውዬው አሁንም በር ላይ ቆሟል። ጮቄን ያያል። ምን ላድርገው? "ወጣ" ብዬ ጻፍኩ።

ወጣ። ሁለት ፊደል። ሰባት ዓመት ያቃተኝ ቃል ይህች ናት። ለምን በዚያን ቀን መጣችልኝ? ቀሪ 999 ቃል ስለነበረብኝ! ጮቄን የማይበት ጊዜ የለኝም። ላም መታለብ አለበት።

እንግዲህ ወደ ሩሲያዊው እንሂድ።

ፊዮዶር ዶስቶየቭስኪን የምታውቁ ታውቃላችሁ። በ1866 እ.ኤ.አ. ሰውዬው ዕዳ አንገቱ ድረስ ደርሶበታል። ስቴሎቭስኪ ከሚባል አሳታሚ ገንዘብ ወስዷል። ውሉ ምን ይላል? እስከ ኖቬምበር 1 ድረስ አዲስ ልቦለድ ካላስረከብክ፣ ለዘጠኝ ዓመት የምትጽፈውን ሁሉ ያለ ክፍያ አትማለሁ ይላል። እናንተ ብትሆኑ ትፈርማላችሁ? ፈረመ። አበዳሪ በር ላይ የቆመበት ሰው ውል አያነብም።

ኦክቶበር ሲገባ አንድም ገጽ የለም። በዚያው ጊዜ ሌላ ትልቅ ልቦለድ በየወሩ ለመጽሔት እያወጣ ነው። ጓደኞቹ አዘኑለት። ምዕራፍ ምዕራፉን ተከፋፍለን እንጻፍልህ አሉት። ደቦ እንውጣልህ ማለታቸው ነው! እምቢ አለ። የሌላ ሰው ሥራ ላይ ስሜን አላኖርም አለ። ከዚያ ሰው የሚናገረውን በፈጣን ምልክት እየያዘች የምትጽፍ አና የምትባል የ20 ዓመት ልጅ ቀጠረ። እሱ እየተንጎራደደ ይናገራል። እሷ ትቀዳለች። ማታ ቤቷ ገልብጣ ጽፋ በማግስቱ ይዛ ትመጣለች። በ26 ቀን "ቁማርተኛው" አለቀ። 26 ቀን!

ታሪኩ አላለቀም። ሊያስረክብ ሲሄድ አሳታሚው የለም። ከከተማ ወጥቷል። ገባችሁ አይደል ተንኮሉ? ዶስቶየቭስኪ ምን አደረገ? ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ረቂቁን አስረከበ፤ ቀን የተጻፈበት ደረሰኝ ተቀበለ። በጥቂት ወራት ውስጥ አናን አገባ።

ይህን ታሪክ የሚያወራ ሁሉ ስለ ውሉና ስለ ቀነ ገደቡ ያወራል። እኔ ግን ልቤ የሚሄደው ወደ አና ነው። በየቀኑ በር የምታንኳኳ ሰው ነበረች። የትናንቱን ይዛ፣ የዛሬውን ልትሰማ። አሳታሚው የሚያስፈራ ቀን ሰጠው። አና ግን ጆሮ ሰጠችው። ፍርሃት ብቻውን ቢያስጽፍማ ኖሮ፣ ውሉን ከፈረመ ጀምሮ ይጽፍ ነበር። አልጻፈም። የጻፈው እሷ ስትመጣ ነው።

ይህን ነገር ጎጃም ከማንም በፊት ያውቀዋል። በየኔታ ፊት ስለ ቅኔ ማውራት ድፍረት ነው፤ ስሳሳት ይገሥጹኝ። ዋሸራ በሉ፣ ጎንጅ በሉ፣ ዲማ በሉ። የቅኔ ተማሪ እንዴት ነው የሚማረው? በየዛፉ ሥር፣ በየወንዙ ዳር ተበትኖ ቅኔ ይቆጥራል፤ በልቡ ይገጥማል ማለት ነው። ከዚያ መምህሩ ፊት ቀርቦ ይነግራል። በሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ይጀምራል። ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ ስምንት ቤቱ መወድስ ድረስ ይዘልቃል። መምህሩ ሰምቶ ያርማል። ነገ ደግሞ ሌላ አዲስ። የትናንቱ አይደገምም። "ዛሬ ስሜቱ አልመጣልኝም" የሚባል ነገር አለ፣ የኔታ? የለም! ኮፌዳህን ይዘህ ቁራሽ ለምነህ፣ ውሻ አባሮህ፣ ደበሎህ በስብሶ፣ ቅኔህን ይዘህ ትቀርባለህ።

አባቴ በልጅነቱ ዋሸራ ሁለት ዓመት ቆይቷል። አልዘለቀበትም፤ በኋላ ገበሬ ሆነ። አንድ ታሪክ ግን ደጋግሞ ይነግረን ነበር። አንድ ክረምት ቀኑን ሙሉ የቆጠራትን ቅኔ በአፉ እያነበነበ ሲመለስ ወንዝ ሞልቶ ያገኘዋል። ዱላ ይዞ፣ ልብሱን አናቱ ላይ አስሮ ይሻገራል። ውሃው ሊወስደው ምንም አልቀረው። ማዶ ሲደርስ ነፍሱ አለች፤ ቅኔዋ ግን የለችም። ጠፋች። አንድ ቃል እንኳ አልቀረችም። መምህሩ ፊት ተራው ደረሰ። ምን ይበል? እዚያው እንደቆመ፣ ቅኔውን ስለወሰደበት ወንዝ ቅኔ ተናገረ። የኔታው አንድ ቃል ብቻ አረሙለት። አባቴ ያችን ቅኔ እስኪሞት ድረስ ይላት ነበር። የጠፋችዋን ግን አንድ ቀን እንኳ ትዝ ብላው አታውቅም።

ሦስት ነገር ብዬ ነበር። አራተኛ መጣብኝ። ስለ እማማ ሳልነግራችሁ ብወርድ ግፍ ነው።

እማማ ጎረቤቴ ናቸው። ፊደል አልቆጠሩም። ጥጥ ይፈትላሉ። የነሐሴ 2 ምሽት የጻፍኩትን ይዤ ሄድኩና "እማማ፣ ላንብብልዎት?" አልኳቸው። "ካላስቸገርኩህ፣ ልጄ" አሉ። እኔ አስቸጋሪው! ከዚያ በኋላ በየምሽቱ ሄድኩ። እሳቸው ከምድጃው አጠገብ ባዘቶውን ይዘው እንዝርቱን ያሾራሉ። እኔ በሻማ አነባለሁ። መብራት የሄደባቸው ምሽቶች መብራት ከነበረባቸው ይበዙ ነበር፤ ያንን እንተወው።

በስድስተኛው ቀን አመሌ ተመለሰብኝ። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ ጭጋግ ጻፍኩ። አነበብኩላቸው። ጨርሼ ቀና ስል "ዛሬ ብዙ ፈተልኩ" አሉኝ። ምስጋና መስሎኝ ደስ ብሎኝ ተኛሁ! በ11ኛው ቀን የሰውዬው ልጅ በሌሊት ከቤት ጠፍታ መንገድ ትጀምራለች። ይህን ሳነብ አንድ ድምፅ ጎደለብኝ። ቀና አልኩ። እንዝርቱ ቆሟል። ባዘቶው በግራ እጃቸው እንደተንጠለጠለ ነው። ክሩ ተበጥሶ እንዝርቱ ምድር ላይ ወድቋል፤ እሳቸው አላዩትም። "ከዚያስ?" አሉኝ።

ከዚያማ የለም። የጻፍኩት እዚያ ድረስ ነው። "ነገ" አልኩ። "ነገ ሳትይዝ ብትመጣ በሬን አልከፍትልህም" አሉ። ያን ለሊት 1,900 ቃል ጻፍኩ። በሕይወቴ ያንን ያህል ጽፌ አላውቅም። የ"ብዙ ፈተልኩ"ም ትርጉም የገባኝ ያኔ ነው። ከዚያ በኋላ ሳነብ አንድ ዓይኔ ደብተሩ ላይ፣ አንድ ዓይኔ እንዝርቱ ላይ ሆነ። ልቃቂቱ ካደገ ምዕራፉ ሞቷል!

ስህተቱስ? ኧረ ስህተቱ! በ9ኛው ቀን በቅሎ የነበረችው በ14ኛው ቀን ፈረስ ሆነች። ገጽ 40 ላይ የቀበርኳት እናት ገጽ 112 ላይ ቡና አፈላች። እማማ እንዝርታቸውን አቁመው "ይቺ ሴት አልሞተችም እንዴ?" አሉኝ። አዎ፣ ረስቼ ነው አልኩ። "እንግዲህ ሞታ ቡና ካፈላች፣ ደግ ሴት ኖራለች" አሉ። ወደ ኋላ ተመልሼ አላስተካከልኩም። ጠርዙ ላይ "ሞታለች" ብዬ ጻፍኩና ወደፊት ሄድኩ። የቡሄ ዕለት ልጆች በር ላይ ሆያ ሆዬ እያሉ 200 ቃል ብቻ ወጣኝ። ሙልሙል ስሰጥ ዋልኩ።

በ30 ቀን ጨረስኩ? አልጨረስኩም። እውነቱን ልንገራችሁ እንጂ። ነሐሴ 30 ሲሆን 3,000 ቃል ይቀረኝ ነበር። ጳጉሜ ያዳነችኝ ያኔ ነው! አምስት ቀን ከየትኛው ወር የማትቆጠር፣ ለባለዕዳ የተተወች። ጳጉሜ 3 ቀን፣ የሩፋኤል ዝናብ እየዘነበ፣ ልጆች ውጭ እየታጠቡ ሲጮሁ ጨረስኩ። ማታ የመጨረሻውን ገጽ አነበብኩላቸው። ዝም ብለው ቆዩና "ከዚያስ?" አሉ። አልቋል እኮ እማማ! "ኧረ አላለቀም" አሉ። ልክ ነበሩ። መጨረሻውን ሮጬ ነበር የዘጋሁት።

አሁን ፊታችሁ ላይ የማየው ጥያቄ አለ። በወር የተጻፈ ልቦለድ እንዴት ልቦለድ ይሆናል? ይህ ጥድፊያ አይደለም ወይ? ነው እንጂ! የኔማ አስቀያሚ ነበር። ከ195ቱ ገጽ 80ውን ጥያለሁ። ለማስተካከል ዓመት ከመንፈቅ ፈጅቶብኛል። ኤሪን ሞርገንስተርን የምትባል አሜሪካዊት የመጀመሪያ ልቦለዷን በዚያ በናኖራይሞ ወር ነው የጀመረችው። መጽሐፉ የወጣው ግን ከዓመታት ሥራ በኋላ በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከመካከላችሁ የገበሬ ልጅ ያልሆነ ማነው? ጤፍ በአንድ እርሻ ይዘራል? መጀመሪያ ይገመሳል። ከዚያ ይደገማል። ይሰለሳል። ግመሳ ሲያዩት ያምራል? ጓል ብቻ ነው። በሬውም ሰውም ይደክምበታል። እኔ ሰባት ዓመት ያልተገመሰ መሬት ላይ ቆሜ ነበር ለስልሳ የምጣደፈው።

ቁጥሩን አምላክ አታድርጉት ደግሞ። ባለፈው ዓመት አብራኝ የሞከረች አንዲት ባልደረባዬ ሕፃን ታዝላ፣ እንጀራ እየጋገረች፣ በቀን 300 ቃል ነበር የምትጽፈው። ያውም ስልኳ ላይ፣ በአንድ አውራ ጣት። ጳጉሜ ስታልቅ ከ10,000 ቃል በላይ ነበራት። ከኔ ሰባት ዓመት ይበልጣል! በመኸር ጊዜ ደግሞ አትሞክሩት። ኅዳር ለአሜሪካኖች ይመች ይሆናል። እኛ ጤፍ እናጭዳለን።

ያልጨረሳችሁት ሁሉ፣ የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ደብተሩን ከመግዛታችሁ በፊት ሰሚውን ፈልጉ። ጸሐፊ አይሁን። ጓደኛችሁ ጸሐፊ ከሆነ ስለ "ለበሰ" እና "ተከናነበ" ያወራችኋል። እናት ትሁን፣ አክስት ትሁን፣ ጫማ የሚጠርግ ልጅ ይሁን። "ከዚያስ?" የሚል ይሁን። አድንቆት እንቅልፍ የሚወስደውን አትያዙ።

እንግዲህ ነሐሴ 1 እንጀምራለን። መዝገብ የለም፣ ክፍያ የለም። በየቅዳሜው ከሰዓት በኋላ እዚሁ እንገናኛለን። ማንም የጻፈውን አያነብም፤ ስንት ገጽ እንደደረሰ ብቻ ይናገራል። የዋሸ ቡና ይጋብዛል።

እማማ ዛሬ ሊመጡ ፈልገው ነበር፤ እግራቸው እምቢ አላቸው። ግን መልእክት ልከውብኛል። "ሰሚ ያጣ ካለ ወደ እኔ ላከው፤ ሲመጣ ጥጥ ይዞ ይምጣ" ብለዋል። አንድ ሰው ብቻ ነው የሚይዙት። ቤታቸውን የሚፈልግ ስወርድ ይጠይቀኝ።

ደብተሮቹ በሩ አጠገብ ካርቶን ውስጥ ናቸው። ሁለት ሁለት ውሰዱ። እስክሪብቶ ከየቤታችሁ።